ጆሮዋን የሚያይ ባል

«ጥጥ ሊያመጣ ወርዶ ንዳድ ጭኖ መጣ፣
እህህ… እህህ… ጣ።»

ንጋቷ የዚህችን እንጉርጉሮ ሁለተኛ ስንኝ አታውቀውም። እናቷ በአባቷ ለቅሶ ላይ ሙሾ ሲያወርዱ የሰማችው በሰባት ዓመቷ ነው። እናትየው የመጀመሪያውን ስንኝ ብለው ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ ድምፃቸው እየተሰበረ፣ ቃሉ በእንባ እየታጠበ፣ ለልጅቱ ጆሮ የደረሰችላት መጨረሻ ላይ ያለችው «ጣ» ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዝርቷን ባሾረች ቁጥር ያቺ ጎዶሎ ዜማ ከከንፈሯ አትጠፋም ነበር። ለጉድለቷም ደንታ አልነበራትም። ዘንድሮ ግን፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በነበረው ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ስንኝ ራሱ ቤቷ ገብቶ መደብ ላይ ተቀመጠባት።

በአንኮበር ዙሪያ ያለ ሸማኔ ሁሉ ንጋቷን ያውቃታል። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አንድ ጊዜ ስታሾረው የሚወጣው ክር ከጉም የተመዘዘ ይመስላል። ንጉሡ ሰፈራቸውን ወደ እንጦጦ ካዞሩ ወዲህ ከተማው ጭር ብሎ፣ ገበያው ቀዝቅዞ፣ ብዙ ሴት እንዝርቷን ሰቅላ ነበር። የንጋቷ እንዝርት ግን አልተሰቀለም። ጥጡን ከቆላ የሚያመጣላት ባሏ ወልደ ሰንበት ነው። አርብ አርብ ዶሮ ሲጮህ ቦራ በቅሎውን ገብስና ባቄላ ጭኖ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወርዳል። እህሉን ሸጦ ከገበያው ዝቅ ይልና ወንዝ ተሻግሮ ከባለማሳዎቹ እጅ ነጭ የነጣውን ጥጥ መርጦ ይገዛል፤ ጀንበር ሳትጠልቅም ገደሉን ይወጣል።

የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ አያድርም። ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይሳሳቃል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን የጨዋታውን ጫፍ አንጠልጥሎ ትቶ ሽቅብ ይገሰግሳል። ከመስከረም እስከ ኅዳር በዚያ ሸለቆ ከጨለማው ጋር የሚነሣ ትንፋሽ አለ ይባላል፤ የተኛውን ሰው በአፍንጫው ገብቶ ያነደዋል። የንጋቷ አባት አንዲት ሌሊት ብቻ አድረው ነው ንዳድ የያዛቸው። ዓይናቸው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ፣ ልጃቸውን በቅጡ ሳይለዩ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን አረፉ።

ስለዚህ ንጋቷ ወልደ ሰንበትን ስታገባ ሌላ ምንም አልጠየቀችውም። በየዓመቱ በመስቀል ዋዜማ፣ ደመራው ሳይለኮስ፣ ፊቷ ቆሞ አንዲት መሐላ እንዲምልላት ብቻ ነው የለመነችው። እሱም ሰው የሚምለው በሚወደው ነውና በእሷው ይምላል።

«ጎኔን ቆላ መሬት ላይ ባሳርፍ፣ ንጋቷ ትሙት።»

እንዲህ ተብሎ አሥራ አራት መስቀል አለፈ።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ በነበረው አርብ ወልደ ሰንበት ማታ አልገባም። በማግሥቱ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ጋቢው ጭቃ ለብሶ፣ ከበቅሎው ኋላ እየተጎተተ መጣ። በቅሎዋ አነከሰችብኝ፣ መሸብኝና አፋፉ ላይ ወልደአረጋይ ቤት አደርኩ አላት። ወልደአረጋይ የሩቅ ዘመዱ ነው፤ ቤቱም ደጋው ጫፍ ላይ ነው። ንጋቷ እግሩን አጥባ፣ ጥጡን ተቀብላ፣ ነገሩን ረሳችው።

ሁለት ሳምንት አለፈና ወልደ ሰንበት በጠራራ ፀሐይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን ይነድና አንድ ቀን ይተወዋል፤ በሦስተኛው ይመለስበታል። የጉሙ ብርድ ነው ይላታል፣ ጥርሱ እየተፋጨ። ነጭ ሽንኩርት አበላችው፣ ፌጦ ቀባችው፣ ጠበል አስመጥታ ረጨችው። ሁሉን እያደረገች ግን ዓይኑን ታያለች። የዓይኑ ነጭ መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ይህን ቢጫ ታውቀዋለች፤ የአባቷ ዓይን ነው። የአንኮበር ብርድ ደግሞ ሠላሳ ሰባት ዓመት ኖራበታለች፤ ብርድ የሰው ዓይን ቢጫ ሲያደርግ አይታ አታውቅም።

አንድ ሰሞን ብሶበት ሁለት ቀን ራሱን ሳተ። በሁለተኛው ቀን ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ስትዳብስ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሙሚና…» አለ። «አንቺ አይተሻል… ለንጋቷ አትንገሪያት።»

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። አነሣችውና እንደገና አጠበችው። ሰው በትኩሳት የሚናገረውን ይዞ መሟገት ነውር ነው፤ መርሳት ደግሞ አይቻልም።

እግዚአብሔር ይመስገንና ወልደ ሰንበት አልሞተም። ንዳዱ ለቀቀው፣ ቢጫውም ቀስ በቀስ ከዓይኑ ጠራ። ከመደቡ ላይ ተነሥቶ በግድግዳው እየተደገፈ እስከ ደጅ መሄድ ጀመረ። ይህን ጊዜ ነው ንጋቷ ሌላውን ነገር ያየችው። ባሏ ፊቷን አያይም።

ያናግራታል፣ ፈገግ ይልላታል፤ ዓይኑ ግን ጆሮዋ ላይ ያርፋል። እሷ ዘወር ብላ ዓይኑ ካለበት ፊቷን ብታመጣ፣ ዓይኑ ሸሽቶ ወደ ሌላኛው ጆሮዋ ይሄዳል። አንድ ቀን ሆን ብላ ሦስት ጊዜ ተከታተለችው፤ ሦስት ጊዜም አመለጣት። ጆሮዋ ላይ የሰው ነውር የተጻፈ ይመስል በነጠላዋ ሸፈነችው። እሱም ያኔ ዓይኑን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

ከዚያ ወዲህ ያየችው ሁሉ ምስክር ሆነባት። ውሃ ሲሰጡት እጁ ከቅሉ ጎን አየሩን ይጨብጣል፤ እሷ ይህን የልቡ እዚህ አለመኖር ነው አለች። አጠገቡ ስትቀመጥ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ የበደለኛ ትንፋሽ ነው አለች። አንድ ማለዳ ከቤት ሹልክ ብሎ በዱላው እየተመራ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ገብረአማኑኤል ሄዶ፣ ሲመለስ ዓይኑ አልቅሶ አብጦ አገኘችው። ለነፍስ አባት የሚነገር፣ ለሚስት የማይነገር ምን ነገር አለ?

ከባሏ ጋር መብላት አቆመች። ሆዴን አሞኛል ትልና ምግቡን አቅርባለት ትነሣለች፤ እሷ ጥግ ቆማ ቆሎ ትቆረጥማለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከገበታ ፊት አልተቀመጠችም። «አንቱ» ማለትም ጀመረች። ንጋቷ ባሏን አንቱ የምትለው ስትቆጣ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ እሱ ያውቃል። አንቱ ባለችው ቁጥር ትከሻው ዝቅ ይላል። ምነው ግን ብሎ አይጠይቃትም።

ጎረቤቷ በሰለች ጥጥ ልታባዝት መጥታ ይህን ሁሉ በአንድ ቁጭታ ለቀመችው። በሰለች ሁለት ባል ፈትታ አንዱን የቀበረች፣ ስለ ወንድ የማታውቀው ነገር የሌለ ሴት ናት። ባዘቶውን እያለሰለሰች፣ ለጥጡ የምትነግር መስላ አንጎራጎረች።

«ፊት ፊትሽን ካላየ ባል ያልሽው በቤትሽ፣
ቆላ ነው ማደሪያዋ የዚያች የጣውንትሽ።»

ንጋቷ እንዝርቷን አቆመች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም። ዘፈን ነው እቴ።» በሰለች ወደ በሩ ተመልክታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ንዳድ መንገድ ላይ አድፍጦ ሰው አይዝም። መኝታ ላይ ነው የሚይዝ። መኝታው የማን እንደሆነ ጠይቂ።»

«ቡዳ በልቶት እንዳይሆንስ?»

«ቡዳማ ቢሆን ለፍልፎ ስሙን ይጠራው ነበር። ይልቅ እኔን በሰለችን ትናንት በር ላይ አግኝቶኝ ሰላም ያለው ትከሻዬን ነው። ትከሻዬ እግዚአብሔር ይመስገን ይለው መስሎት ይሆናል። አፍሮ ነው እቴ፤ ያፈረ ሰው ሴት ሁሉ ሚስቱን ትመስለዋለች።»

ለፍልፎ ስም መጥራቱን ንጋቷ ለበሰለች አልነገረቻትም። ያቺን ስም እንደ መርፌ ምላሷ ሥር ይዛት ዋለች።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የወልደአረጋይን ሚስት አስካለማርያምን አገኘቻት። ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ ከተጠያየቁ በኋላ፣ ንጋቷ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ በመስቀል ሰሞን ባለቤቴን አሳድራችሁልኛልና እግዜር ይስጥልኝ አለቻት።

አስካለማርያም ግራ ገባት። «እኛ ቤት? እኛ ወልደ ሰንበትን ከሰኔ ወዲህ በዓይናችን አላየነውም።»

ንጋቷ ከዚያ በኋላ የሄደችው ወደ ቄስ ገብረአማኑኤል ነው። የንስሓን ነገር እንደማይነግሯት ታውቃለች፤ ቢሆንም ከፊታቸው ጠርዝ የምትለቅመው ነገር ይኖር ይሆናል ብላ ነው። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ «ልጄ፣ ንገራት ብዬዋለሁ፤ ፈርቷል» ብለው ብቻ ገቡ። ፈርቷል! ታዲያ ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?

ያን ቀን ቆረጠች። መጪው አርብ ከገበያተኛው ጋር ቆላ ትወርዳለች፤ ሙሚናን ትፈልጋለች፤ በዓይኗ ታያታለች። የጠረጠረችው እውነት ከሆነ ቤቷ የምትመለሰው ልብሷን ለማንሣት ነው፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ወንድሟ የሺጥላ ዘንድ። ቀሚሷን፣ ነጠላዋንና ሁለት ልቃቂት ክር ጠቅልላ ከበሩ ኋላ አኖረች። ለባሏ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ አለችው። እሱም «እሺ» አለ፤ ለጆሮዋ።

ገደሉን ስትወርድ የምትናገረውን ታዘጋጅ ነበር። ያቺ ሴት በሐሳቧ ዓይኗን የተኳለች፣ አንገቷ ረጅም፣ ገና ያልወለደች ናት። ንጋቷ ከፊቷ ቆማ አንዲት ቃል ትላታለች፤ ምን እንደሆነች ግን በየጠመዝማዛው ትለዋወጥባታለች። ገደሉ አናት ላይ ያገኘቻት ቃል የተሻለች ነበረች፣ እታች ስትደርስ ጠፋቻት። ብርዱ አልቆ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ከአልዩ አምባ ገበያ ዝቅ ብላ ወንዙን ተሻገረች፤ በዚህ ወር ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። የሙሚናን ቤት ጠየቀች፤ የመጀመሪያው ሰው አሳያት።

ደጃፉ ላይ አንዲት የፊት ጥርሶቻቸው የወለቁ ባልቴት ጥጥ በብረት እየዳመጡ ፍሬውን ከጥጡ ያወጣሉ።

«ሙሚና የምትባል ሴት ፈልጌ ነበር» አለች ንጋቷ።

«ሙሚና እኔ ነኝ።»

ንጋቷ ከባልቴቷ ትከሻ በላይ ወደ ቤቱ ውስጥ አየች። «ሌላ ሙሚና የለችም?»

«ነበረች፤ ሞተች፣ አላህ ይማራት። ያለሁት እኔ ነኝ፤ እንግዲህ እኔ እበቃሻለሁ።» ቀና ብለው አስተዋሏት። ብረቱን አስቀመጡ። «የዚያ የቦራ በቅሎ ባለቤት ሚስት ነሽ? በሕይወት አለሽ?»

«ለምን አልኖርም?»

«አልሐምዱሊላህ። እሱማ ገድያታለሁ ብሎ ነው የሄደ።»

ባልቴቷ ጥላ ሥር አስቀመጧትና ነገሩን ከሥሩ ነገሯት። ያን አርብ ወልደ ሰንበት ጥጡን ጭኖ ሲነሣ ከላይ ዘንቦ ወንዙ ሞላ። ሁለት ጊዜ ገባበት፤ በሁለተኛው ውሃው ከነበቅሎው ሊወስደው ሲል ጎረቤት በገመድ አወጣው። መሸ። ግባና እደር አሉት፤ እምቢ አለ። ጎኔን ካሳረፍኩ ሚስቴ ትሞታለች፣ በእሷ ምያለሁ አላቸው። ተቀምጬ ካነጋሁ መሐላው አይፈርስም ብሎ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ፣ ጭሱንም ቤቱንም ትቶ፣ በእርጥብ ጋቢው ተቀመጠ። ትንኝ ሲበላው፣ ውሃው ሲንጠባጠብበት፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው እየዘፈነ። ባልቴቷ ድምፁን እየሰሙ ነው የተኙት።

«ንጋት ላይ ለሶላት ስነሣ ዘፈኑ የለም። ሄጄ ባየው በጎኑ ተኝቷል፣ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ። ብቀሰቅሰው ዘሎ ተነሥቶ የገዛ ጎኑን በቡጢ ይመታ ጀመር። አንቺ አይተሻል፣ አትንገሪያት እያለ ነው የሄደ። ይኸው ነገርኩሽ፤ ከእንግዲህ የሚሆነውን እናንተው ቻሉት።»

ንጋቷ ሠላሳ ቀን ሙሉ የተሸከመችው ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ አልወረደላትም፤ አንድ ገመድ ቀርቶት ነበር።

«ይሁን» አለች። «ታዲያ ፊቴን ለምን አያይም?»

«ንዳዱ ራሱን አሳተው?»

«ሁለት ቀን።»

«ሲያናግርሽ ወዴት ያያል?»

«ወደ ጆሮዬ።»

ባልቴቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኔም ሰውዬ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ንዳድ ራስ ላይ ሲወጣ በዓይን ውስጥ ደም ይቋጥራል። ከደጅ አይታይም፤ ዓይኑ ደህና ይመስላል። ፊት ለፊት የሚያየው ነገር ግን መሀሉ ጥቁር ሆኖ ይጠፋዋል፣ ዳር ዳሩ ብቻ ይቀርለታል። ፊትሽን ፊት ለፊት ካየ ፊት የለሽም። ልጄ፣ ጆሮሽን ሲያይ ነው ፊትሽን የሚያየው።»

ንጋቷ እጇ ሳታውቀው ወደ ጆሮዋ ሄደ። የሸፈነችበት ነጠላ ትዝ አላት።

«ይመለስለታል?»

«ለሰውዬዬ በሁለት ወሩ ተመለሰለት። ያልተመለሰለትም አይቻለሁ። ወላሂ አልዋሽሽም።» ከዚያ ፀሐይዋን አይተው ብረታቸውን አነሡ። «እንዳልጋብዝሽ አርብ ነው፣ ጾመኛ ነሽ። ተነሽ፣ ሂጂ፤ አንቺም እዚህ እንዳትመሺ።»

ገደሉን ስትወጣ እግሯ ከልቧ ኋላ ቀረ። አሁን ሁሉም ምስክር ዞሮ ለእሱ ይመሰክር ነበር። አየሩን የጨበጠው እጅ፣ የበሰለች ትከሻ፣ ያበጠው ዓይን። ያ ሰው ቃሌን አፍርሻለሁ ባለ ማግሥት የሚስቱ ፊት መሀል ላይ ጥቁር ጉድጓድ ሲያይ ምን ያስብ? መሐላው ደረሰ፣ ከፊቷ ጀምሮ እየወሰዳት ነው ይላል እንጂ ሌላ ምን ይላል! እሷ ደግሞ በዚያ ላይ አንቱ እያለች፣ ከገበታው እየሸሸች፣ ቀን በቀን ስትርቀው ኖራለች። በእሱ ዓይን ስትሞት ነው የከረመችው።

ጉሙ አጋማሹ ላይ ተቀበላት። ያኔ ሳታስበው ያቺ ጎዶሎ ዜማ መጣች፤ ሁለተኛው ስንኝ ግን በእንባ ሳይሰበር፣ እንደተፈተለ ክር ተከትሎ ወጣ።

«ጥጥ ሊያመጣ ወርዶ ንዳድ ጭኖ መጣ፣
ዓይኑ ጎን ጎን ቢያይ ልቡ ከኔ አልወጣ።»

የእናቷ እንዲህ እንዳልነበረ ታውቃለች። የእናቷ ባል ሞተዋል። የእሷ ግን አለ።

ጀንበር ስትጠልቅ ቤቷ ደረሰች። ወልደ ሰንበት መደብ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ገበቴ ውስጥ በሶ ተለውሷል፤ ዱቄቱ ግማሹ መሬት ነው። ጠቅልላ ከበሩ ኋላ ያኖረችው ልብስ እጭኑ ላይ ነበር፤ በዳበሳ ያገኘው መሆን አለበት።

«ሄድሽ ብዬ ነበር» አለ። «መሄዱስ ይሻልሻል አልኩ። ከኔ ከራቅሽ ምናልባት መሐላው…» ድምፁ እዚያ ላይ ተቆረጠ። «ንጋቷ፣ ቆላ ጎኔን አሳርፌአለሁ። ከዚያ ወዲህ ፊትሽ ጠፍቶብኛል።»

«ሙሚና ነግራኛለች» አለችው። ደነገጠና ዓይኑ ወደ ፊቷ ሄደ፤ እዚያ ምንም እንዳላገኘ ገባት። ጠጋ ብላ እጁን ይዛ ጉንጯ ላይ አኖረችው፣ ከጉንጯ ወደ ግንባሯ፣ ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ መራችው። «ይኸው አለ። የጠፋው ካንተ ዓይን ነው፤ ንዳዱ ነው ያጠፋው። እኔ አልሞትኩም።»

«አንተ አልሽኝ» አለ።

«አዎን፣ አንተ። አሁን ራብ ሊገድለኝ ነው፤ የዚያን ጊዜ በመሐላህ እንዳታሳብብ። ይህን በሶ ጨው አድርገህበታል ወይስ አጠገቡ ነው የበተንከው?»

ጨው በመደቡ ጠርዝ ላይ ተቆልሎ ነበር። ወልደ ሰንበት በዳበሳ አገኘውና ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ፤ ሳቁ ግማሹ ልቅሶ ነው።

ንጋቷ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገፈፈች። መቀመጫ ዱካዋን ከፊት ለፊቱ አንሥታ፣ ከግራው በኩል፣ ዓይኑ ወደ በሩ ሲያይ የሚያገኛት ቦታ አስጠጋችው። እሱ በሩን አየ። «አየሁሽ» አለ። በሶውን ጨው አስነክታ አንድ ጉርሻ አጎረሰችው፤ ከዚያ ተቀመጠችና መብላት ጀመረች።